በሦስት እጅ የተጻፈ ዝናብ

ናዝራዊት ዓለምብርሃን ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የውቢት ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሠራ አራት ዓመት ሆኗታል። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የልደት ምስክር ወረቀት ትቀዳለች፣ የሠርግ መጥሪያ ታትማለች፣ ተማሪዎች በፍላሽ የሚያመጡትን ጽሑፍ ትጠርዛለች። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ መመረቋን ከደንበኞቿ ብዙዎቹ አያውቁም። እሷም አታወራውም። ተመርቃ ስትመጣ ሥራ ፈልጋ ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። ያን ጊዜ “ነይ፣ እዚህ ቁጭ ብለሽ እየጻፍሽ ቆዪ” ያለቻት ውቢት ብቻ ነበረች። ለዚህ ነገር ናዝራዊት እስከ ዛሬ ድረስ ውቢትን በጠዋት ሳትስማት ወንበሯ ላይ አትቀመጥም።

ያደገችው ዳባት ነው። አባቷ ቄስ ዓለምብርሃን የደብር አገልጋይ ናቸው። ሁለት ወንድሞቿ የኔታ ዘንድ ሲማሩ እሷ ከአጥሩ ወዲህ ሆና እየሰማች ፊደሉን ከነሱ ቀድማ ለየች። ዳዊት ግን አልደገመችም፤ ሴት ልጅን ለዚያ የሚያስቀምጣት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ከትምህርቱ ሁሉ ልቧ የገባው ጥቂት ተማሪ የመረጠው አንድ ኮርስ ነበር። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ይባላል። መምህርቷ ሊድያ የምትባል ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሆነው ተማሩ። ያን ኮርስ በደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለምን እንደሚጠቅም ቢጠየቁ፣ ሊድያም ናዝራዊትም መልስ አይኖራቸውም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አቶ አሻግሬ የሚባሉ የግብርና ባለሙያ አንድ ካርቶን ሙሉ ደብተር በሰው አሸክመው መጡ። በሰሜን ተራራ ዙሪያ ያለውን ዝናብ የሚያጠና ፕሮጀክት አለ፤ እሳቸው የደባርቁን በኩል ይመራሉ። ደብተሮቹ ተራራው ላይ ካለችው ከአምባራስ መንደር የመጡ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ከሰኔ 1989 ጀምሮ በየቀኑ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የዝናብ መለኪያውን እያየ የጻፈባቸው አሥራ አራት ደብተሮች።

“እንደተጻፈው ገልብጪልኝ” አሏት አቶ አሻግሬ። “አንዲት ፊደል እንዳታሻሽዪ። ትርጉሙን የሚያወጡ ሰዎች ሌላ ቦታ አሉ።”

ሁለት ወር ፈጀባት። በሁለቱ ወር ውስጥ፣ አንድም ቀን ሳታያቸው፣ የሦስት ሰዎችን እጅ ለየች። የመጀመሪያው የደብተራ እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ቁጥሩን ሁሉ በግዕዝ የሚጽፍ። አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ከሦስት ሲል “፲፪ ወ፫” ይላል። ያልዘነበ ቀን “አልቦ” ብሎ ያልፋል፤ ግዕዝ የዜሮ ምልክት የለውምና። ሁለተኛው እጅ ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው እጅ ነው። አንዴ “4 ከ 3 መስመር” ይላል፣ አንዴ “ሰባት ተኩል”፣ አንዴ “እንደ ትናንቱ”። ለደረቅ ቀን “ደረቅ” ይጽፋል። ሦስተኛው እጅ በክረምት ዕረፍት ብቻ የሚመጣ የአንዲት ተማሪ እጅ ነው፤ “4,6” ብሎ በኮማ ይከፍላል፣ አንዳንዴም በነጥብ። ያው እጅ የዓመቱን ድምር ሲጽፍ ደግሞ ኮማዋን ለሺህ ያደርጋታል፦ “1,342”።

ናዝራዊት ሁሉንም እንደነበረ ጻፈች። ፋይሉን በፍላሽ አስረከበች። ሥራው በዚህ አለቀ።

አራት ወር ቆይቶ አቶ አሻግሬ ተመልሰው መጡ። አሁን የያዙት ከሌላ ከተማ ተሠርቶ የተላከ ሪፖርት ነው። ሃያ ቅጂ ታትሞ ይጠረዝ አሉ። ናዝራዊት የመጀመሪያውን ቅጂ ገጹ እንዳይዘበራረቅ እያገላበጠች ስታይ የአምባራስ ሰንጠረዥ ላይ ደረሰች። ቆመች።

ከ1989 እስከ 1997 ድረስ ሁሉም ዜሮ ነው። ሐምሌ ዜሮ፣ ነሐሴ ዜሮ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት ይዘንባል፤ በአንዳንድ ክረምት ደግሞ በድንገት የጎርፍ ያህል ይወርዳል፤ 46፣ 82፣ 118። ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ “የአምባራስ መረጃ አስተማማኝ ባለመሆኑ ከጥናቱ እንዲወጣና መለኪያው እንዲነሣ ሐሳብ ቀርቧል።”

ናዝራዊት ያንን ሐምሌ ታስታውሰዋለች። በገዛ ጣቶቿ “፲፪ ወ፫” ብላ የጻፈችበት ሐምሌ ነው።

“ጋሽ አሻግሬ” አለች፣ “ይኼ ዜሮ እኮ ዜሮ አይደለም።”

እሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ።

“የሠሩበት ፕሮግራም የግዕዝ ቁጥር አያውቅም። ያላወቀውን ሁሉ ዜሮ አድርጎታል። ኮማውን ደግሞ የሺህ ኮማ መስሎት አውጥቶ ጥሎታል። አራት ነጥብ ስድስት የነበረው አርባ ስድስት ሆነ። አዩ፣ ጎርፉ ተማሪዋ ቤቷ በመጣችበት ክረምት ብቻ ነው የሚመጣው።”

አቶ አሻግሬ ሰንጠረዡን መስመር በመስመር በጣታቸው ተከተሉት። “አምባራስ አንድ ክረምት ከርሜያለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ዝናቡን አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ለምን እንዳልገረመኝ አላውቅም። ሰው ሰንጠረዥ ሲያይ ያምናል መሰለኝ።” ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። “አንቺ ልትሠሪው ትችያለሽ?”

ናዝራዊት ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰች። መልሱን የሰጠችው ከማሽኑ በስተጀርባ የነበረችው ውቢት ናት። “ትችላለች እንጂ። የተማረችው እሱን አይደል።”

ሪፖርቱ ሳይጠረዝ ቀረ። አቶ አሻግሬ ስድስት ሳምንት እንዲሰጣቸው ለምነው ጻፉ። ውቢት የቤቱን ላፕቶፕ፣ ያንን ፊደሉ የተፋቀውን፣ ለናዝራዊት ለቀቀችላት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱቁ ዝግ ስለሚሆን፣ ናዝራዊት በጎን በር እየገባች እስከ አመሻሽ ትሠራ ጀመር። መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ሲመጣ ወደ ማሽኑ ታስገባዋለች። ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን አንዱን ቀን አለ ሌላውን የለም። አላስፈለጋትም። ሊድያ ያስተማረቻት በጭንቅላቷ ነበር።

የሊድያ ትምህርት ባጭሩ እንዲህ ነበር። ሁሉን የሚያነብ አንድ ትልቅ ፕሮግራም አይጻፍም። ትንንሽ አንባቢዎች ይጻፋሉ። እያንዳንዱ አንባቢ ፈንክሽን ነው፤ ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ማንበብ እስከሚችልበት ያነብባል፣ ከዚያ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ ያነበበውን እና የተረፈውን። ማንበብ ካልቻለ “አልቻልኩም” ብሎ ጽሑፉን እንደተቀበለው፣ ሳይነካው፣ ይመልሳል። ያኔ ሌላው አንባቢ ተራውን ይሞክራል። ማንም የማንንም አያበላሽም።

ናዝራዊት በመጀመሪያ ፊደሉን አስተካከለች። ያ ሁለተኛው እጅ “ሦስት” እና “ሶስት”፣ “አሥር” እና “ዐስር” እያለ እንዳሻው ይጽፋልና፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ፈንክሽን ከፊት አቆመች። ከዚያ አንባቢዎቹን ደረደረች። ኮማ ኖሮ ከኮማው በኋላ ልክ ሦስት አኃዝ ካለ ኮማው የሺህ ነው፤ ይኼን የሚያነበው መጀመሪያ ይሞክር። ካልሆነለት ኮማንም ነጥብንም እንደ ክፍልፋይ የሚያነበው ይከተል። ከዚያ በቃል የተጻፈውን፣ ከዚያ ግዕዙን። “አልቦ” እና “ደረቅ” የሚሉትን ዜሮ አለቻቸው። ባዶ የሆነውን ግን ዜሮ አላለችውም። “አልተለካም” አለችው። አንድም አንባቢ ሊያነበው ያልቻለ መስመር ደግሞ ወደ ራሱ ዝርዝር ይሂድ፤ ከነደብተሩ ቁጥር፣ ከነገጹ። እያንዳንዱ የተነበበ ቁጥርም በየትኛው አንባቢ እንደተነበበ ምልክት ይያዝ አለች፤ ስሕተት ቢገኝ ማንን እንደምትጠይቅ እንድታውቅ።

የመጀመሪያው ስሕተት ከግዕዙ አንባቢ መጣ። የዓመት ድምር ብሎ ደብተራው “፲፫፻፹፪ ወ፬” የጻፈውን ፕሮግራሙ መቶ ዘጠና አምስት ከምናምን አለው። ናዝራዊት ለአባቷ ደወለች።

“አባዬ፣ ዐሥር፣ ሦስት፣ መቶ፣ ሰማንያ፣ ሁለት ተብሎ በግዕዝ ሲጻፍ ስንት ነው?”

“አሥራ ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት።”

“እኔ ሁሉንም ደምሬ መቶ ዘጠና አምስት አመጣሁ።”

ቄስ ዓለምብርሃን ሳቁ። “መቶው እንደ ሌሎቹ አይደመርም፣ ልጄ። ከፊቱ የቆመውን ያባዛዋል። አሥራ ሦስት ብለሽ መጣሽ፤ መቶው ላይ ስትደርሺ በእጅሽ ያለውን አሥራ ሦስት መቶ ታደርጊዋለሽ። ከዚያ ሰማንያውን፣ ከዚያ ሁለቱን ትጨምሪያለሽ። ከፊቱ ምንም ካልቆመ ብቻ ራሱን ችሎ መቶ ነው።” ቀጥለውም “ወንድሞችሽን የኔታ ዘንድ ሳስቀምጥ አንቺንም ማስቀመጥ ነበረብኝ” አሉ።

“አሁን አስተማሩኝ እኮ።”

“ስልክ ላይ።”

“ስልክ ላይም ቢሆን።”

ፈንክሽኑን አባቷ እንዳሉት ጻፈችው። በእጅ ያለውን ቁጥርና የሚመጣውን ፊደል ይወስዳል፣ አዲሱን ቁጥር ይመልሳል፤ ፊደሉ እስኪያልቅ እንዲሁ ይቀጥላል። ሁለት መስመር ነው። 1382 አለ። ናዝራዊት ብቻዋን በተዘጋው ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ የአባቷን ድምፅ በሁለት መስመር ጽፋ በማየቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ተደብቆ ነበር። “ወ፬”ን ነጥብ አራት ብላ ነበር ያነበበችው። ማንም ሰው እንዲያ ነው የሚያነበው። ግን የዚያን ዓመት ቀኖች ሁሉ ስትደምር 1363.9 መጣላት። ደብተራው ራሱ የደመረው ከዚህ ይበልጣል። ደብተራው ተሳስቶ ይሆን ብላ ሌላ ዓመት ደመረች። እዚያም ይጎድላል። የሁሉም ዓመት ጉድለት በአንድ በኩል ነው። ሰው ሲደምር ቢሳሳት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ነው እንጂ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ወገን አይሳሳትም።

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ነገር አደረገች። ከ“ወ” በኋላ የመጡትን አኃዞች ብቻ ለቅማ ቆጠረች። ፩ አለ፣ ፪ አለ፣ ፫ አለ፣ ፬ አለ። ከሺህ በሚበልጥ መስመር ውስጥ አንድም ፭ የለም። ፮ የለም፣ ፯ የለም። የሁለተኛውን እጅ “መስመር” ቆጠረች፤ እሱም ከአራት አያልፍም። የተማሪዋን ነጥብ ቆጠረች፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ብቻ። ጎዶሎ ቁጥር የሚባል የለም።

ናዝራዊት ተነሥታ ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለች። ሦስቱ ሰዎች አንድ ዕቃ ነው የሚያዩት። በአንድ ቁጥርና በሌላ ቁጥር መካከል አራት ትንንሽ መስመር ያለው ዕቃ መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ አንዱ መስመር የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ነው። ተማሪዋ መስመሩን ወደ ነጥብ ቀይራ ትጽፋለች፤ ሌሎቹ ሁለቱ መስመሩን እንዳዩት ይቆጥራሉ። “ወ፬” ማለት ነጥብ ስምንት ነው። ፈንክሽኑን አስተካክላ እንደገና ደመረች። 1382.8። አሥራ ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት፣ ወአራት።

ሰኞ ጠዋት ለአቶ አሻግሬ ነገረቻቸው። “እርግጠኛ ነኝ፤ ግን መለኪያውን በዓይኔ ሳላይ መጻፍ አልፈልግም። ሊነበቡ ያልቻሉ ስድሳ አንድ መስመሮችም አሉኝ። የጻፏቸውን ሰዎች ልጠይቅ።”

ውቢት ሁለት ቀን ፈቀደችላት። ወደ መካነ ብርሃን በሚሄድ አይሱዙ ላይ ከፊት ቦታ አግኝታ፣ ቡይት ራስን አልፋ፣ ጭጋጉ ሲገለጥና ሲከደን፣ አምባራስ ወረደች። የምትፈልገው ቤት ሩቅ አልነበረም። በእሾህ የታጠረ ትንሽ ሜዳ፣ መካከሉ ላይ እንጨት፣ እንጨቱ ላይ መለኪያው። ከአጥሩ ጎን አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ቆመው ነበር።

ወይዘሮ በለጠች ናቸው። ሁለተኛው እጅ። የመጀመሪያው እጅ ባለቤታቸው መሪጌታ ይግዛው ነበሩ፤ በ2004 ዓ.ም. አርፈዋል። ሦስተኛዋ ልጃቸው ስጦታ ናት፤ አሁን ትዳር ይዛ ዳባት ትኖራለች።

ናዝራዊት ከአቶ አሻግሬ መላኳን ስትናገር ወይዘሮ በለጠች ፊታቸው ጠቆር አለ። “መለኪያውን ልትወስጂ ነው የመጣሽ? ይነሣል ተብሎ ተወርቷል።”

“አይደለም፣ እማማ። እንዳይነሣ ነው የመጣሁት። ውኃውን የሚለኩበትን ብርጭቆ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?”

ብርጭቆውን በጋቢ ጠቅልለው ካስቀመጡበት አወጡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ ላይ ትንሽ የተሸረፈ። ናዝራዊት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ያዘችው። በአራትና በአምስት መካከል አራት መስመር። በአምስትና በስድስት መካከል አራት መስመር። መስመሮቹን በጥፍሯ እየነካች ቆጠረቻቸው።

“ምን አየሽ?” አሉ ወይዘሮ በለጠች።

“ልክ ነበራችሁ። ሦስታችሁም።”

“ልክ ካልሆንማ ለምን እንጽፈዋለን?”

ወደ ቤት አስገብተው ቆሎና እርጎ ሰጧት። ናዝራዊት የስድሳ አንዱን መስመሮች ዝርዝር አወጣች። አንድ በአንድ ጠየቀች። “እንደ ትናንቱ” የሚለው የዋዛ አልነበረም፤ እውነትም ለክተው እኩል ሆኖ ሲያገኙት ነው የሚጽፉት። የሁለት ገጽ ጥግ አይጥ በልቶታል። አንዱ ቀን ላይ “ሞልቶ ፈሰሰ” ተብሏል።

“ስንት ልበለው ይኼን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ሞልቶ ፈሷል። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።”

“እንግዲያው ቁጥር አልሰጠውም። ሞልቶ ፈሰሰ ብዬ እተወዋለሁ።”

ወይዘሮ በለጠች ይኼን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የመሪጌታን ግዕዝ ቁጥር ሳይቸገሩ ስላነበቡላት፣ እንዴት እንዳወቁት ናዝራዊት ስትጠይቃቸው፣ ማንም እንዳላስተማራቸው ነገሯት። መሪጌታ ሲጽፉ ኩራዙን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ፤ ብርጭቆውን አይተው ደብተሩን እያዩ አንዱን ከአንዱ አጋጠሙት። አሁን የሚጽፉበትን ተራ ቁጥር የተማሩት ኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የመሪጌታ ዓይን በ1998 ሲደክም ደብተሩን ተቀበሉ።

ናዝራዊት አንድ የቀራት ጥያቄ ነበረ። አንባቢዎቹ ላይ ያደረገችው ምልክት ያሳያት ነገር ነው። ከ1998 በኋላ ግዕዝ ቁጥር የለም፤ ግን ሐምሌ 2001 ላይ ዘጠኝ ቀን ብቻ ተመልሶ ይመጣል። ደብተሩን ስትገለብጥም አይታዋለች፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ከመስመሩ ወጥቶ ይንሸራተታል።

“እማማ፣ እነዚህን ዘጠኝ ቀኖች ማን ጻፋቸው? መሪጌታ አያዩም ነበር ብለውኛል።”

ወይዘሮ በለጠች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። “ስጦታ በምጥ ተይዛ ደባርቅ ሐኪም ቤት ወስጃት ነው። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። እሱ ያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ነበር የሚለየው እንጂ ሰው አይለይም። ደብተሩ ባዶ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ከፍቼ ሳየው ተጽፏል። ‘ማን ለካልህ?’ አልሁት። ‘እኔ’ አለኝ።”

“እንዴት አድርገው?”

“እኔም እንዲያ ነው ያልሁት። አሳየኝ። ደረቅ የገብስ አገዳ ወስዶ ብርጭቆው ውስጥ እስከ ታች ይከታል። ያወጣዋል። በከንፈሩ እየነካ እርጥቡ የሚያልቅበትን ይፈልጋል። እዚያ ላይ በጥፍሩ ይዞ፣ አገዳውን ብርጭቆው ጎን አስጠግቶ፣ መስመሩን ከታች ጀምሮ በሌላው ጥፍሩ ይቆጥራል። መስመሩ የተቀረጸ ነው አይደል፣ በእጅ ይነካል። ሦስት ጊዜ ነው የሚለካው። ሦስቱም አንድ ካልሆነ አይጽፍም።”

“ሦስቱ አንድ ባይሆኑስ?”

“እንደገና ነዋ። ጠዋቱን በሙሉ እዚያ ነበር የቆመው አሉኝ ጎረቤቶቼ።” ቆሎውን ወደ ናዝራዊት አስጠጉ። “እኔ ከተመለስሁ በኋላ አብረን ለካን። እኔ በዓይኔ፣ እሱ በከንፈሩ። ከአንድ መስመር በላይ አልተለያየንም። ምነው፣ ታወጭዋለሽ?”

“አላወጣውም” አለች ናዝራዊት። እስክሪብቶዋን አነሣች። “አላወጣውም፣ እማማ። እንዴት እንደተለካ ብቻ ከጎኑ እጽፋለሁ።”

ያን ዕለት እዚያው አደረች። በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት አብረው ወጥተው ለኩ። ወይዘሮ በለጠች ውኃውን ከመለኪያው ወደ ብርጭቆው በጥንቃቄ አንቆረቆሩና “አንቺ አንብቢው” አሏት። ናዝራዊት ጎንበስ ብላ ስድስት ከሁለት መስመር አለች። ወይዘሮ በለጠች አዩና “ከአንድ ነው። ከላይ ሆነሽ አታንብቢ፣ ዓይንሽን ከውኃው እኩል አድርጊ” አሉ። ዝቅ አለች። ከአንድ መስመር ነበር።

ደባርቅ ተመልሳ ሁሉንም አስገባች። ከዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ በላይ ቀኖች ውስጥ ያልተነበቡት አሥራ ሰባት ብቻ ቀሩ። እነዚያን “አልተነበበም” ብላ ከነምክንያታቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ አኖረቻቸው። አቶ አሻግሬ አዲሱን ሰንጠረዥ የላኩት አንድ ገጽ ማብራሪያ አክለው ነው። መልሱ ሲመጣ፣ አምባራስ ከጥናቱ ይውጣ የሚለው ዐረፍተ ነገር ተሰርዞ፣ በዙሪያው ካሉት መለኪያዎች ሁሉ ረጅሙን ያልተቋረጠ መዝገብ የያዘ መሆኑ ተጽፎ ነበር። የሪፖርቱ መቅድም ላይ አመሰግናለሁ በሚለው አንቀጽ ውስጥ የመሪጌታ ይግዛው፣ የወይዘሮ በለጠችና የስጦታ ስም በተርታ ገባ። የናዝራዊትም አለ። ውቢት ያንን ገጽ አስፍታ ቀድታ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ ናዝራዊት አንሺው ብትላትም እምቢ ብላለች።

ናዝራዊት ለመምህርቷ ለሊድያ ደወለችላት። ስልኳን ያገኘችው በብዙ ፍለጋ ነው። ሊድያ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማች። “ኮርሱ እኮ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የለውም ተብሎ ሊዘጋ ነው” አለቻት። “ይኼን ታሪክ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ልንገራቸው?” ናዝራዊት ፕሮግራሙን በፍላሽ አድርጋ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ላከችላት። ኮርሱ በዚያ ዓመት አልተዘጋም። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ማንም አያውቅም።

የደባርቅ ፕሮጀክት የአምስት ሌሎች መለኪያዎችን ደብተር ለናዝራዊት ሰጣት። ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ እንደ ዱሮዋ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ከሰዓት የደብተሮቹን ሥራ ትሠራለች። አዲስ አጻጻፍ ሲያጋጥማት አዲስ አንባቢ ጽፋ ከሌሎቹ ጋር ታሰልፈዋለች፤ የቀደሙትን መንካት አያስፈልጋትም። አንዱ ለካይ ቁጥሩን ሁሉ በጭረት ነው የሚጽፈው፤ አምስት ሲሞላ ያግድመዋል። ለሱም ጻፈችለት።

አቶ አሻግሬ በዚህ መካከል ለለካዮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጽ እንዲታተም አስበው ነበር፤ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ፣ ነጥቡ ከመካከል ታትሞ። ናዝራዊትን ንድፉን እንድትሠራው ጠየቋት።

“ለአዲሶቹ እሠራለሁ” አለቻቸው። “ለእማማ በለጠች ግን ባዶ ደብተር ነው የምጠርዝላቸው። ሃያ ዓመት ሊሞላ የለመዱትን እጅ ለምን እናስተዋቸው? እሳቸው እንደሚያዩት ይጻፉ። ማንበቡ የኛ ሥራ ነው።”

ደብተሩን ራሷ ጠረዘችው፤ ወፍራም፣ ሽፋኑ አረንጓዴ ሸራ። ቅዳሜ ለገበያ ከመጣ የአምባራስ ሰው ጋር ላከችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዚያው ሰው ሚስት አንድ ጥቅል ይዛ ሱቁ መጣች። ጥቅሉ ውስጥ አንድ ቁና ያህል የገብስ ቆሎና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ የሁለት ሳምንቱ ዝናብ በወይዘሮ በለጠች እጅ ተዘርዝሯል። ከሥሩ “ደብተሩ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ መልካም ነው፣ ቀለም አይጠጣም” ይላል።

ናዝራዊት ቆሎውን ለውቢት አካፈለቻትና የወረቀቱን የመጀመሪያ መስመር ወደ ማሽኑ መጻፍ ጀመረች። ሰኔ 3፣ ስምንት ከአራት መስመር።